«ለውሻ ይሆናል» የምንለው በቆሎ

እ.ኤ.አ. በ2020 ማብቂያ በአሜሪካ ስፖርትሚክስ የተሰኘ የውሻ ምግብ ከመጠን ያለፈ አፍላቶክሲን ስለተገኘበት ከገበያ ተሰበሰበ። በተከታዩ ጥር ወር የሞቱት ውሾች ከ70 መብለጣቸው ተገለጠ። አፍላቶክሲን አስፐርጊለስ የተባሉ ሻጋታዎች በበቆሎና በለውዝ ላይ የሚያመነጩት፣ ጉበትን የሚያጠፋ መርዝ ነው።

የመቱ ውሻ በአብዛኛው የፋብሪካ ምግብ አያውቅም፤ የሚቀርብለት ትርፍራፊና የበቆሎ ገንፎ ነው። ዝናብ በሚበዛበት ኢሉባቦር በቆሎ በቅጡ ሳይደርቅ ጎተራ ከገባ ይሻግታል። የሻገተው ተለቅሞ «ለውሻ ይሆናል» ይባላል። እኔ አጥብቄ የምቃወመው ይህንኑ አባባል ነው፤ እዚህ የተበላሸውን ምግብ የሚሰበስብ ኩባንያ የለምና።

«ይቀቀል የለም ወይ?» የሚል አይጠፋም። በመቱ ከፍታ ውኃ የሚፈላው በ95 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 100 እንኳ አይሞላም። ንጹሕ አፍላቶክሲን ቢ1 ግን የሚቀልጠው ከ260 ዲግሪ በላይ ነው። ድስቱ ሻጋታውን ይገድል ይሆናል፤ መርዙ ግን ገንፎው ውስጥ ይቀራል።

ለላም ማሳለፉም አያዋጣም። እ.ኤ.አ. በ2016 የታተመ ጥናት በአዲስ አበባና አካባቢዋ የተወሰዱ 110 የወተት ናሙናዎች ሁሉ አፍላቶክሲን እንደነበረባቸው አሳይቷል፤ ዋነኛው ምንጭ ላሞቹ የሚመገቡት የኑግ ፋጉሎ ነበር።

እንግዲህ የሻገተው ይቀበር፤ ውሻውም እኛ ከምንበላው ጤናማ እህል ይካፈል። ምግብ ጠልቶ የሚያስመልስና ዐይኑ ቢጫ የሆነ ውሻ ካጋጠማችሁ ገንፎውን አቋርጣችሁ ሳትዘገዩ ለእንስሳት ሐኪም አሳዩት።