«ትንሽ ጣጣ አለው»

«ጣጣ» ትንሽ ቃል ናት። ደጋሽ «ጣጣዬን ጨረስኩ» ካለ ዝግጅቱ አለቀ ማለት ነው። የመሥሪያ ቤት መስኮት ላይ ስትደርስ ግን ታብጣለች። «ፋይልህ ትንሽ ጣጣ አለው» የተባለ ባለጉዳይ ትርጉሙን ያውቃል፤ ወይ ነገ ተመለስ፣ ወይ እጅ መንሻ አምጣ!

አሁን ደግሞ ወደ የካ ኑ። ባሕር ዛፍን በዐፄ ምኒልክ ዘመን ያስመጣው የማገዶ እጦት ነበር። ያንኑ ማገዶ ከእንጦጦ ተሸክመው ወደ ፈረንሳይ ለጋሲዮን የሚወርዱ እናቶች ለዓመታት ጎብጠዋል። በ2013 ዓ.ም. ተራራው ላይ ያማረ ፓርክ ተመረቀ፤ ደግ ነው። የእንጀራቸውን ነገርስ ማን ጠየቀ? «እማማ፣ አልከበደዎትም?» ብትሏቸው «ጣጣ የለውም ልጄ» ይላሉ።

እንግዲህ ፍረዱ፦ ሸክም ያጎበጠው «ጣጣ የለውም» ይላል፤ ወንበር ላይ የተቀመጠው ጣጣ ይፈጥራል!