ቤት የዝውውር መስኮት የለውም

ከነፋስ መውጫ እስከ አርብ ገበያ፣ ከወገዳ እስከ መካነ ኢየሱስ ድረስ፣ ቅዳሜና እሁድ መብራት ካለ ኳስ የሚያሳየው ቤት መቀመጫ አይገኝበትም። ጨዋታው 90 ደቂቃ ነው፤ ክርክሩ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይዘልቃል። ጎረምሶቹ እንጨት ሲፈልጡም፣ ባጃጅ ውስጥ ተቀምጠው ተሳፋሪ ሲጠብቁም፣ ማታ ለእራት ሲቀርቡም ያንኑ ያነሱታል። ብዙ ወላጅና አያት «የፈረንጅ ኳስ ምን ያደርግላችኋል?» ብሎ ያልፈዋል። ለዛሬ ግን ጆሮ እንድትሰጡት እለምናችኋለሁ። ልጆቹ ሳያውቁት የሚከራከሩት በእኛው ቤት ጉዳይ ነው፦ ሰነፈ፣ አልሠራ አለ የተባለ ልጅ እንዴት ይያዝ?

ነገሩን ለማታውቁት በአጭሩ ላስረዳ፤ ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው። ማርከስ ራሽፎርድ የሚባል እንግሊዛዊ አጥቂ አለ። ተወልዶ ያደገው ማንቸስተር ከተማ ነው። እናቱ ብቻዋን፣ ሥራ ላይ ሥራ ደርባ ያሳደገችው ልጅ ነው። ማንቸስተር ዩናይትድ የገባው በ7 ዓመቱ ነበር። በ2016፣ ገና በ18 ዓመቱ፣ ለዋናው ቡድን በተሰለፈበት የመጀመሪያ ጨዋታ ሁለት ጎል አገባ፤ በሦስተኛው ቀን አርሰናል ላይ ሁለት ደገመ። በ2020 በኮሮና ጊዜ ደግሞ፣ ትምህርት ቤት ነፃ ምግብ ያገኙ የነበሩ የድሃ ልጆች በክረምቱ እረፍት ጦማቸውን እንዳያድሩ ለፓርላማ አባላት ደብዳቤ ጽፎ፣ የአገሩ መንግሥት ውሳኔውን እንዲቀይር አድርጓል። እኛ በጤና ሙያ ያለን ሰዎች ስሙን በደንብ የያዝነው ያን ጊዜ ነው።

ከዓመታት በኋላ ግን ጨዋታው ወረደ። በ2024 መጨረሻ ላይ ሩበን አሞሪም የሚባል ፖርቱጋላዊ አሰልጣኝ ክለቡን ተረከበ። በመጣ በወሩ ገደማ፣ ከማንቸስተር ሲቲ ጋር ለነበረው ትልቅ ጨዋታ ራሽፎርድን ከነጭራሹ ከቡድኑ ዝርዝር አወጣው፤ ቡድኑም 2 ለ 1 አሸነፈ። ራሽፎርድም አዲስ ነገር ለመጀመር ዝግጁ ነኝ ብሎ ለጋዜጠኛ ተናገረ። በጃንዋሪ 2025 አሰልጣኙ ስለ እሱ ሲጠየቅ፣ በየቀኑ ያለውን ሁሉ ከማይሰጥ ተጫዋች ይልቅ የ63 ዓመቱን የበረኞች አሰልጣኝ ተቀያሪ ወንበር ላይ እንደሚያስቀምጥ ተናገረ። በሳምንቱ ራሽፎርድ በውሰት ወደ አስቶን ቪላ ሄደ። በዚያው ዓመት ክረምት ከክለቡ ይወጣሉ የተባሉ ተጫዋቾች፣ እሱን ጨምሮ፣ ከጓደኞቻቸው ተነጥለው በሌላ ሰዓት ልምምድ እንዲሠሩ ተደረገ። ከዚያ ባርሴሎና በውሰት ወሰደው።

እንግዲህ ክርክሩ እዚህ ላይ ነው።

የአሰልጣኙ ወገን እንዲህ ይላል፦ ክለብ የአንድ ሰው ርስት አይደለም። ሌሎቹ ሃያ ምናምን ተጫዋቾች እያዩ ነው። ለአንዱ ስሙ ስለገነነ ደንብ ከላላለት፣ ለሌላው ምን ተብሎ ይነገረዋል? የአርሰናል ደጋፊዎች ደግሞ ማስረጃ ይዘው ይመጣሉ። አሰልጣኛቸው ሚኬል አርቴታ ፒየር ኤምሪክ ኦባሜያንግን አርፍዶ በመገኘቱ በ2021 አንድ ጊዜ ከቶተንሃም ጨዋታ አስቀርቶታል፤ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ ደግሞ በሥነ ሥርዓት ጉድለት አምበልነቱን ገፍፎታል። ከአንድ ዓመት ከምናምን በፊት በኤፍ ኤ ካፕ ፍጻሜ ሁለት ጎል አግብቶ ዋንጫ ያነሳ አምበል ነበር። በ2022 መጀመሪያ ወደ ባርሴሎና ሄደ፤ አርሰናልም በቀጣዩ የውድድር ዘመን ሁለተኛ ሆኖ ጨረሰ። «አየህ! ሥርዓት ሲከበር ቤት ይቆማል» ይላሉ።

የተጫዋቹ ወገን ይመልሳል፦ ከ7 ዓመቱ ጀምሮ የዚያ ቤት ልጅ ነው። ጥፋት ካለበት ጠርቶ ይነገረው፤ ማይክሮፎን ፊት ከሽማግሌ ጋር እያወዳደሩ ማሾፍ ግን ምን ይባላል? ማንቼዎቹም የራሳቸውን ማስረጃ ይቆጥራሉ። በዚያ የውድድር ዘመን ዩናይትድ 15ኛ ሆኖ ጨረሰ። የተገፋው ልጅ ግን ቪላ ሄዶ በኤፍ ኤ ካፕ ሩብ ፍጻሜ ፕሬስተን ላይ ሁለት ጎል አገባ፤ በባርሴሎና ማሊያ ደግሞ በሴፕቴምበር 2025 ኒውካስል ላይ ሌላ ሁለት። «ልጁ ሥራ ጠልቶ ሳይሆን ያ ቤት አልመች ብሎት ነው» ይላሉ።

እኔ ለማንም ክለብ አልደግፍም፤ ሁለቱም ወገን ግን ግማሽ እውነት እንደያዘ ይታየኛል። ክርክሩ የማይፈታው ሦስት የተለያዩ ነገሮች አንድ ላይ ስለተቋጠሩ ነው። አንደኛው ማስቀመጥ ነው። ያልሠራን ማስቀመጥ የአሰልጣኝ መብት ነው፤ ግዴታውም ነው። ሁለተኛው ሰው ፊት ማዋረድ ነው። ሦስተኛው የመመለሻ መንገድ መዝጋት ነው። የመጀመሪያውን ለማድረግ ሁለቱ አያስፈልጉም። አርቴታ አንድ ተጫዋች ለአንድ ጨዋታ ሲያስቀር፣ ልጁ በምን እንዳጠፋና ቅጣቱ መቼ እንደሚያልቅ ያውቅ ነበር፤ ያ ቅጣት ነው። በሌላ ሰዓት፣ ከጓደኞች ተለይቶ፣ እስኪሸጡ ድረስ መሮጥ ግን ማባረር ነው እንጂ ቅጣት አይባልም።

ክለብ ማባረር ይችላል። የዝውውር መስኮት የሚባል ነገር አለው፤ በክረምትና በጥር ይከፈታል፣ የማይፈልጉትን ይሸጡበታል፣ የሚፈልጉትን ይገዙበታል። ቤት ግን የዝውውር መስኮት የለውም። ልጅን ሲወዱ ከነንፍጡ ነው ያሉት አባቶቻችን ይህንኑ ነው። ከአሰልጣኙ ሥርዓት ማስከበሩን ብንወስድ መልካም ነው፤ ማባረሩን ከወሰድን ግን በምትኩ የምንገዛው ልጅ የለም።

ይህን የምለው ያለ ነገር አይደለም። በአሁኑ ሰዓት በየቤቱ «አልሠራ ያለ» ተብሎ የተቀመጠ ጎረምሳና ኮረዳ ሞልቷል። በእኛ አቆጣጠር በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተናን በመላ አገሪቱ ከወሰዱት 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.2 ብቻ ነበሩ። በቀጣዩ ዓመትም 5.4 ነው። ይህ ማለት ከመቶ ተፈታኝ ከዘጠና በላይ የሚሆነው «ወደቀ» ተብሎ ቤቱ ገብቷል። በእኛ አካባቢ ትምህርት ቤት ተዘግቶበት ጭራሽ ለፈተና ያልተቀመጠም ብዙ ነው። ታዲያ ጎረቤት ቡና ሊጠጣ በተሰበሰበበት «የእኔው ድንጋይ፣ ስንቱን ብር በላ!» የሚባለው ልጅ፣ ጥፋቱ የእሱ ብቻ ነውን? የጎረቤቱን ልጅ እየጠሩ ማወዳደርስ፣ ያ አሰልጣኝ በ63 ዓመቱ ሰውዬ እንዳደረገው ያለ አይደለምን?

በአፍላ ዕድሜ ያለ ልጅ በእኩዮቹ ፊት መዋረድና መገለል ከአዋቂ ይልቅ ይጎዳዋል። ጉዳቱም በአካሉ ይታያል፦ እንቅልፍ ያጣል፣ ወይም ቀኑን ሙሉ ይተኛል፤ ምግብ ይቀንሳል፤ ከሰው ይሸሻል፤ በትንሽ ነገር ይቆጣል። ይህ ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ ከዚያም አልፎ «ባልኖር ይሻላል» የሚል ቃል ከአፉ ከወጣ፣ ቀልድ ነው ብላችሁ አትለፉት። ብቻውን አትተውት፤ በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ።

ሌላው መንገድ ደግሞ በጋይንት፣ በስማዳና በእስቴ የታወቀ ነው፤ ልጁ ጨርቁን ጠቅልሎ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ቆላ ይወርዳል። አብዛኛው የሚሄደው መሬት ጠቦት፣ ችግር ገፍቶት ነው፤ ሠርቶ፣ ቤተሰቡን ረድቶ የሚመለስም አለ። በቂም የሚሄደው ግን አካሄዱ ሌላ ነው። ሳይሰናበት ይወጣል፤ አጎበር አይዝ፣ ምክር አይሰማ። የደጋ ልጅ ወባን የሚችል አካል የለውም። በተሰነጠቀው ጥቁር አፈርና በግራሩ ሥር ካላዛርን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ አለች። ካላዛር ለሳምንታት የማይለቅ ትኩሳት ያመጣል፣ ሰውነት ያከሳል፣ ጣፊያን አሳብጦ ሆድ ይነፋል፤ ካልታከመ ይገድላል፤ በጊዜ ከታከመ ግን ይድናል። በነርስነት በሠራሁበት ዘመን ያስተዋልኩት አንድ ነገር አለ፦ ተመርቆ የሄደ ልጅ ሲታመም ቶሎ ወደ ቤቱ ይመጣል። ተሰድቦ የሄደ ልጅ «ምን ይዤ ልግባ?» እያለ ይቆያል፤ የሚመጣው በሰው ተደግፎ፣ መሽቶ ነው። ከቤት ሲወጣ የተነገረው ቃል ከሕክምናው ያዘገየዋል ማለት ነው።

እንግዲህ ያጠፋን ልጅ እንዴት እንገስጽ? ዝም እንበል አልልም። ዝም የተባለ ልጅም ይበላሻል፤ ሌሎቹ እህትና ወንድሞቹም እያዩ ነው፤ እዚህ ላይ የአሰልጣኙ ወገን ልክ ነው። ግን ሥርዓት ይኑረው።

መጀመሪያ፣ ለብቻ ይሁን። በነርስነት ሙያ ተማሪን በታካሚው አልጋ አጠገብ አይገስጹትም፤ አደጋ ካለ እጁን ይዘው ያስቆሙታል፣ ተግሣጹን ግን ወደ ጎን ወስደው ይነግሩታል። ታካሚው ይታዘባል፣ ተማሪውም ይደነግጣልና። የደነገጠ ሰው ደግሞ አይማርም። ቤትም እንዲሁ ነው።

ሁለተኛ፣ ስም የሚወጣለት ለጥፋቱ ይሁን። «ሰነፍ ነህ» ሲባል ልጁ የሚያርመው ነገር አያገኝም። «ትናንት ላሞቹን ውኃ ሳታጠጣ መጣህ» ቢባል ግን ነገ የሚያደርገውን ያውቃል።

ሦስተኛ፣ ቅጣቱ መጨረሻ ይኑረው። ኳስ ቤት ከተከለከለ እስከ መቼ ነው? ምን ሲያደርግ ነው የሚመለሰው? ቀኑ ያልታወቀ ቅጣት እስኪሸጡት እንደተነጠለው ተጫዋች ያደርገዋል።

አራተኛ፣ ከገበታ አይነጠል። የተቀጣ ልጅም ከመሶቡ ዙሪያ ቦታው ይጠበቅለት። «ና ብላ» የምትለው ቃል ብቻዋን ብዙ ትናገራለች፤ ተቆጥቻለሁ፣ ግን የእኔው ነህ ማለት ናት።

አያቶችን ደግሞ ለብቻ አንድ ነገር ልላችሁ። ኳሱ ውስጥ ውሰት የሚባለው ነገር በእኛ አገር ከጥንትም ያለ ነው። አባትና ልጅ ዓይን ለዓይን መተያየት ሲያቅታቸው ልጁ አያቱ ቤት ይከርማል፤ እንጨት ይፈልጣል፣ ከብት ይመልሳል፣ የሰውየውም ንዴት ይበርዳል። ራሽፎርድን ቪላ ወስዶ ያጫወተው አሰልጣኝ ኡናይ ኤምሪ ያደረገው ይህንኑ ነው፤ አስገባው፣ ሥራ ሰጠው። እናንተም ስትቀበሉት ሥራ ስጡት፤ እንግዳ አድርጋችሁ አታስቀምጡት። አባቱንም በፊቱ አትውቀሱ፤ ወቀሳ ካላችሁ ልጁ በሌለበት አባትየውን ጥሩትና ንገሩት። ከሁሉ በላይ የመመለሻውን ቀን አብራችሁ ቁረጡ፤ ለፋሲካም ይሁን ለእንቁጣጣሽ፣ ቀን ይኑረው። ያ ቀን ሲደርስ በር ላይ የሚቀበለው አባት ወይም እናት ይኑር።

በዚህ ሳምንት አንድ ነገር ሞክሩ። ልጃችሁ ከኳስ ቤት ሲመጣ ስላመሸበት ከመቆጣታችሁ በፊት «አንተ አሰልጣኝ ብትሆን ያንን ልጅ ምን ታደርገው ነበር?» ብላችሁ ጠይቁት። ሴት ልጃችሁንም ጠይቋት፤ እነሱም ክርክሩን ያውቁታል። ከዚያ ሳታቋርጡ ስሙ። ሲበድል እንዴት ሊያዝ እንደሚወድ፣ ምን ቢባል እንደሚሰማ፣ ምን ቢባል እንደሚሸፍት እግረ መንገዱን ይነግራችኋል። በቀጥታ ብትጠይቁት ኖሮ ግን አፉን አይከፍትም ነበር።