ቃል የሌለው ድምፅ በቃሊቲ ደጃፍ

ስንቅ ይዞ ወደ ቃሊቲ ማረሚያ ቤት የወረደ ጠያቂ ተፈትሾ ገብቶ ከአጥሩ ወዲህ በቆመ ጊዜ፣ የወዲያኛውና የወዲህኛው ወገን በድምፅ ብቻ ሲገናኝ ይመለከታል፤ ከሰው ብዛት የተነሣም ቃላቱ እርስ በርሳቸው ተደበላልቀው ሲጠፉ፣ እናት ግን የልጇን ደኅንነትና ኀዘን ከድምፁ ለይታ ታውቃለች። እኔም ከዚያ ደጃፍ በተመለስሁ ቁጥር፣ ድምፅ ከቃል አስቀድሞ ለሰው ልጅ የተሰጠ ጸጋ መሆኑን ስመረምር እኖራለሁ።

ይህንኑ ጸጋ የዕድሜ ልክ ሥራዋ አድርጋ የያዘች አንዲት ድምፃዊት አለች። ሶፊያ ጄርንበርግ በ1983 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ ተወልዳ፣ በኢትዮጵያ፣ በቬትናምና በስዊድን አድጋ፣ ዛሬ ጃዝንና ዘመናዊውን የሙዚቃ ድርሰት አስተባብራ በአውሮፓ መድረኮች ታዜማለች። አንድ ጊዜ ከፋየር ኦርኬስትራ ጋራ ትቆማለች፤ ሌላ ጊዜ አርኖልድ ሾንበርግ በ1912 እ.ኤ.አ. የደረሰውንና ከንግግርና ከዜማ መካከል ያለ አዘያየም የሚጠይቀውን «ፒየሮ ሉኔር» ትጫወታለች። በመድረክም ላይ ቃልን ትታ አንዱን ድምፅ ለሁለት ትሰነጥቀዋለች፣ ታሻክረዋለች፣ እስትንፋስ ብቻ እስኪቀርም ድረስ ታመነምነዋለች።

ይህ ጩኸት እንጂ ዜማ አይደለም የሚሉ አይጠፉም። ነገር ግን በቅዱስ ያሬድ ዜማ፣ በግዕዙም ሆነ በዕዝሉ፣ በአራራዩም፣ ሊቃውንቱ አንዲቱን ፊደል ስበው ሲያስረዝሟት፣ ትርጓሜውን ያላወቀ ምእመን እንኳ ልቡ ይነካል፤ ለቅሶ ቤት የገባ ሰውም የአልቃሿ ድምፅ ሲሰበር ግጥሙን እስኪሰማ ሳይጠብቅ ያነባል። ሶፊያም ከእንግሊዛዊው የፒያኖ ተጫዋች ከአሌክሳንደር ሆኪንስ ጋራ በ2024 እ.ኤ.አ. ላወጣችው አልበም «ሙሾ» የሚል ስም መስጠቷ፣ የጥበቧ ሥር ከእኛ የራቀ አለመሆኑን ይመሰክራል።

የጀመርሁበት ቃሊቲም ድምፃዊን ያውቃል። በ2000 ዓ.ም. የታሰረው ድምፃዊ ቴዎድሮስ ካሣሁን በነሐሴ 2001 ዓ.ም. እስኪፈታ ድረስ፣ ድምፁ በየታክሲውና በየሱቁ ሲሰማ አካሉ ግን ከአጥሩ ውስጥ ነበረ። የዛሬው ታራሚ ችግር የዚህ ግልባጭ ነው፤ በሬዲዮና በቴሌቪዥን የተቀዳ ድምፅ ሊደርሰው ይችል ይሆናል፤ በፊቱ ቆሞ የሚያዜም፣ እስትንፋሱ የሚሰማ፣ ድምፁ ሲደክምና ሲበረታ የሚታይ ሰው ግን ብርቅ ነው።

ማረም ማለት አረሙን ነቅሎ ሰብሉን ማዳን ነው፤ ሰብሉም ያለ ዝናም አያፈራም። ስለዚህ የማረሚያ ቤቱ ኀላፊዎች ለድምፃውያን፣ ለአልቃሾች፣ ለሊቃውንተ ዜማና በውጭ አገር ለሚገኙ እንደ ሶፊያ ላሉ ባለሙያዎች በሩን ይክፈቱ፤ ባለሙያዎቹም ወደ ታላላቆቹ አዳራሾች ከመጠራታቸው አስቀድመው ወደ ቃሊቲ ይምጡ። በአጥር ማዶ ሆኖ ድምፅን ከድምፅ ለይቶ መስማት የተማረ ሰው፣ ለዚህ ጥበብ የተዘጋጀ አድማጭ ነውና።