ሁለተኛውን ቁጥር አንብቡ

ዛሬ ስለ አንድ ትንሽ መሣሪያ እናወጋለን። መሣሪያው ጂፒኤስ ይባላል። በእጅ የሚያዝ ነው። ቁመቱ ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ሥራው የቆምንበትን ቦታ በቁጥር መናገር ነው።

ባለፈው ወር አንድ አባት ከሰሜን ሸዋ ገጠር ወደ እኛ ወደ ጉለሌ መጡ። በጋቢያቸው ጫፍ የቋጠሩትን ፈቱና ጂፒኤሱን ጠረጴዛችን ላይ አስቀመጡት።

«ይህ ዕቃ ከጎረቤቴ ጋር አባላኝ። ክፈቱትና ውሸቱን አውጡልኝ» አሉን።

እኚህ አባትና ጎረቤታቸው ማሳቸው ይዋሰናል። ለብዙ ዓመት አብረው ደቦ ወጥተዋል። በማሳቸው ጥግ የወሰን ድንጋይ ነበር። ቦታው ወንዝ ዳር ነው። «ጎርፍ ድንጋዩን ቢወስድብን እንዳንጣላ» ብለው ገንዘብ አዋጡ፤ ያገለገለ ጂፒኤስም ገዙ። ድንጋዩ አጠገብ ቆመው ቦታውን በመሣሪያው መዘገቡት።

እንደፈሩትም ክረምት ሲገባ ጎርፉ ድንጋዩን ወሰደው። መስከረም ላይ መሣሪያውን አብርተው «ወደ ድንጋዩ ቦታ ውሰደን» አሉት። መሣሪያው መርቶ የሽማግሌው ማሳ ውስጥ አምስት እርምጃ አስገባቸው። በማግሥቱ ደግሞ የጎረቤታቸው ማሳ ውስጥ አራት እርምጃ ገባ። አንዱ «ነካክተኸዋል» አለ። ሌላውም መለሰ። ከዚያ ወዲህ ሰላምታም የላቸው።

ነገሩ አሳዘነን። መሣሪያውን ይዘን ሽሮ ሜዳ ወደሚገኝ አንድ ራዲዮ ጠጋኝ ወንድማችን ሄድን። ሽማግሌውም አብረውን ሄዱ። ጠጋኙ ካቻቢቴውን አነሣና ብሎኖቹን አንድ በአንድ ፈታ።

መጀመሪያ የባትሪ ድንጋዮቹ ማረፊያ ታየ። የሞላው ጫፍ ዝጓል። አሮጌ ድንጋይ ውስጡ ከርሞ ውኃ አውጥቶበታል። መሣሪያው በየመሐሉ ይጠፋ የነበረው በዚህ ነው። ጠጋኙ በሎሚ ጭማቂ በነከረ ጥጥ ጠረገው፤ አደረቀውም። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እንምከራችሁ። ራዲዮም ሆነ የእጅ ባትሪ የማትሠሩበት ከሆነ ድንጋዩን አውጥታችሁ አስቀምጡ።

ቀጥሎ ዙሪያውን የሚያሽገው ቀጭን ጎማ ተገኘ። ጎማው ደህና ነው። ውስጡ ውኃ አልገባም።

ከዚያ አረንጓዴው ቦርድ ወጣ። ከላዩ አንድ አራት ማዕዘን ነጭ ነገር ተለጥፏል። ሲዳሰስ እንደ ሸክላ ነው። አንቴናው እሱ ነው። ከሰማይ የሚመጣውን ሞገድ የሚቀበል እሱ ነው። ከአንቴናው ሥር የሚያሰላው ክፍል አለ። ከእሱ አጠገብ ከስንዴ ፍሬ ብዙም የማይበልጥ ቁራጭ አለ። ውስጡ ኳርትዝ የሚባል ማዕድን ነው። እሱ የመሣሪያው ሰዓት ነው።

«አልቋል» አለ ጠጋኙ። «ከዝገቱ በቀር የተሰበረ ነገር የለም።»

«ታዲያ ውሸቱ የታል?» አሉ ሽማግሌው።

ለዚህ መልስ ለመስጠት መሣሪያው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ አለብን።

መብረቅ ሲበርቅ መጀመሪያ ብርሃኑን እናያለን፤ ነጎድጓዱ ዘግይቶ ይደርሳል። ሦስት ሰከንድ ያህል ከዘገየ መብረቁ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል ማለት ነው። ጂፒኤስም ርቀትን የሚያውቀው በመዘግየት ነው። ከምድር በላይ 20 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ርቀው የሚዞሩ ሳተላይቶች አሉ። የሚያስተዳድራቸው የአሜሪካ መንግሥት ነው። የመጀመሪያው የተላከው በ1970 ዓ.ም. ነበር። እያንዳንዱ ሳተላይት ሰዓቱን ይናገራል። መሣሪያው ንግግሩ ስንት እንደዘገየ ይለካል።

ነገር ግን ሞገዱ በአንድ ሰከንድ 300 ሺህ ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። የሰከንድ አንድ ሚሊዮንኛ ስሕተት ብትኖር ቦታው በ300 ሜትር ይሳሳታል። ሳተላይቶቹ እጅግ የረቀቀ ሰዓት ይዘዋል። የእጅ መሣሪያው ግን ያቺን የስንዴ ፍሬ የምታህል ሰዓት ብቻ ነው የያዘው። ስለዚህ ቦታውን ለማወቅ ሦስት ሳተላይት፣ የራሱን ሰዓት ለማረም ደግሞ አራተኛ ሳተላይት ይፈልጋል። ከአራት በታች ካየ ቦታውን በደንብ አያውቅም።

ሞገዱም በመንገዱ ይደናቀፋል። በላይኛው አየር ሲያልፍ ይዘገያል። አገራችን በምትገኝበት የምድር ወገብ አካባቢ ይህ አየር በተለይ ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ይታወካል። ሞገዱ በቆርቆሮ ጣሪያና በገደል ላይ ነጥሮም ይመጣል። የዛፍ ቅጠል ያዳክመዋል። በዚህ ሁሉ የተነሣ በእጅ የሚያዝ ጂፒኤስ ደህና ሆኖ ሳለ በጥቂት ሜትር ይሳሳታል። እስከ 1992 ዓ.ም. ድረስ ደግሞ ባለቤቶቹ ሆን ብለው ሞገዱን ያበላሹት ስለነበር ስሕተቱ እስከ 100 ሜትር ይደርስ ነበር። በዚያ ዓመት በሚያዝያ ወር ማበላሸቱን ተዉት።

መሣሪያውን ገጥመን ወደ እንጦጦ ዳገት ወጣን። ገላጣ ቦታ ላይ ቆምን። መስታወቱ ላይ የቦታው ቁጥር ወጣ። ከጎኑ ሌላ ትንሽ ቁጥር አለ፤ 4 ሜትር ይላል። ከዚያ ወደ ባሕር ዛፉ ጥላ ገባን። ትንሹ ቁጥር ወደ 11 አደገ።

«ይህ ሁለተኛው ቁጥር ምንድን ነው?» አሉ ሽማግሌው።

መሣሪያው «ይህን ያህል ልሳሳት እችላለሁ» ሲል ነው አልናቸው። እሱም ቢሆን ግምት እንጂ መሐላ አይደለም። ከዚያም በላይ የሚሳሳትበት ጊዜ አለ።

ሽማግሌው ዝም አሉ። ቆይተው «እኛ ዘንድ ወንዙ ዳር ባሕር ዛፍ ነው። ሁለተኛውን ቁጥር ማንም አንብቡት አላለንም» አሉ።

ውሸቱ እንግዲህ እዚህ ላይ ተገኘ። ድንጋዩን ሲመዘግቡ ስሕተት ነበረ። ተመልሰው ሲፈልጉም ሌላ ስሕተት ተጨመረ። አምስት እርምጃ ወዲህ፣ አራት እርምጃ ወዲያ መሄዱ የመሣሪያው ልክ ነው። ጎረቤትየው አልነካካውም። ሽማግሌውም አልነካኩትም።

ታዲያ መሣሪያው ዋጋ የለውም ማለት ነው? የለም፤ ለሌላ ሥራ ዋጋ አለው። ሽማግሌው በሁለቱም ቀን ማሳቸውን ዞረው ለክተው ነበር። ስፋቱ በሁለቱም ቀን ሁለት ጥማድ ገደማ ነበር። ምክንያቱም በአጭር ጊዜ ውስጥ ሲለካ ስሕተቱ ማዕዘኖቹን ሁሉ በአንድነት ይገፋቸዋል። ማሳው እንደ ተነጠፈ ጀንዲ ወደ ጎን ይጎተታል እንጂ ብዙም አይጠብም። ስለዚህ ጂፒኤስ ማሳው ስንት ጥማድ እንደሆነ ይነግራል። የወሰን ድንጋዩ የት እንደነበረ ግን እስከ እርምጃው አይነግርም።

የመሬት ባለሙያዎች ወሰን ሲለኩ ሌላ ዓይነት ጂፒኤስ አላቸው። አንዱን በታወቀ ቦታ ይተክላሉ፤ ሌላውን ይዘው ማሳው ላይ ይቆማሉ። የመጀመሪያው ስሕተቱን ስለሚያውቅ ሁለተኛውን ያርመዋል። ስሕተቱ ወደ ጥቂት ሳንቲ ሜትር ይወርዳል።

ሌላም ወጥመድ አለ። የቀድሞዎቹ የኢትዮጵያ የወረቀት ካርታዎች የተሠሩት አዲንዳን በሚባል መነሻ ነው። አዲንዳን በሱዳንና በግብጽ ድንበር አጠገብ የሚገኝ ቦታ ነው። ጂፒኤሱ ግን ከፋብሪካ ሲወጣ በሌላ መነሻ ይቆጥራል። ሁለቱን ሳያስማማ የሚሠራ ሰው ከ200 ሜትር በላይ ይስታል።

ሽማግሌው ከመሄዳቸው በፊት የመሬት ይዞታ ደብተራቸውን አወጡ። በምሥራቅ ማን፣ በምዕራብ ማን እንደሚያዋስናቸው ተጽፏል። እሳቸው ራሳቸው አነበቡልን። በምዕራብ በኩል የተጻፈው የዚያው ጎረቤታቸው ስም ነው። ስሙ ላይ ሲደርሱ ድምፃቸው ዝቅ አለ።

«ሲመዘገብ ገመዱን አብረን ነበር የያዝነው» አሉ። «ያኔ የነበሩ ሽማግሌዎች ዛሬም አሉ። እነሱን ይዤ እሄዳለሁ። መጀመሪያ ግን ብቻዬን ሄጄ ይቅርታ እጠይቀዋለሁ።»

ጂፒኤሱን መልሰው ቋጠሩት። «ሁለተኛውን ቁጥር አሳየዋለሁ፤ እሱም ፊደል ቆጥሯል» ብለው ሄዱ።

ወገኖቻችን፣ ቁጥር የሚናገር ዕቃ ሁሉ እንዲሁ ነው። ሚዛንም ቢሆን፣ ሜትርም ቢሆን፣ የሚሳሳትበት ልክ አለው። ቁጥር ሲነገራችሁ «በስንት ሊሳሳት ይችላል?» ብላችሁ ጠይቁ። ተጽፎ ካገኛችሁትም አንብቡት።

በቡድን ሆናችሁ ተወያዩ፦
1. በመንደራችሁ የወሰን ድንጋይ ቢጠፋ ማን ያውቀዋል?
2. በይዞታ ደብተራችሁ ላይ የተጻፉት አዋሳኞች ስም ትክክል ነው? ዛሬ ማታ አውጥታችሁ አንብቡ።

ሳምንት እንገናኝ።