ቅጹ ላይ የሰረዝኩት መልስ



አምና የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪዎች ወደፊት ምን መሆን እንደሚፈልጉ በቅጽ ሞልተው ነበር። ሐኪም፣ መሐንዲስ፣ አብራሪ፣ አሁንም ሐኪም። አንዱ ግን «የስልክና የኢንተርኔት መስመር ቴክኒሻን» ብሎ ጻፈ። ቢሮ አስጠርቼ «አንተን የመሰለ ጎበዝ ልጅ ለምን ራሱን ያሳንሳል?» አልኩት፤ በገዛ እስክርቢቶዬም ሰርዤ «ኢንጂነር» አልኩበት። ልጁ ዝም ብሎ ወጣ።

ዘንድሮ በፈተና ሰሞን የትምህርት ቤታችን ኢንተርኔት ተቋረጠ። ከበራፋችን ያለው ገመድ ተበጥሶ ነበር። እዚህ ናይሮቢ እንደምንለው «ፉንዲ» ተጠርቶ መጣ፤ ወጣት ነው። ከምሰሶው አናት የመብራት ሽቦ፣ ከሥሩ የእሱ ገመድ ተዘርግቷል። ከመውጣቱ በፊት ቀበቶውን ሁለት ጊዜ ፈተሸ። ገመዱን አውርዶ ሲልጠው እንደ ፀጉር የቀጠኑ የመስታወት ክሮች ወጡ፤ ሰማያዊ፣ ብርቱካናማ፣ አረንጓዴ እያለ ቀለሙ በተራ ይቀጥላል። እያንዳንዱን በአልኮል ጠርጎ፣ ጫፉን ቀጥ አድርጎ ቆርጦ፣ በትንሽ መሣሪያ ውስጥ በኤሌክትሪክ ብልጭታ አቅልጦ ከአቻው ጋር አጋጠመው። ብናኝ ከገባበት ብርሃኑ ይባክናል። «ትንሽ ቶሎ አይሆንም?» ብለው «ምዋሊሙ፣ ዛሬ ከቸኮልኩ ነገ እመለሳለሁ» አለኝ።

በክፍል ውስጥ ስለ ብርሃን መንጸባረቅ የምናስተምረውን ይህ ልጅ መንገድ ዳር ተቀምጦ ይሠራበታል። እ.ኤ.አ. በ2009 የባሕር ሥር የፋይበር ገመዶች ሞምባሳ እስኪደርሱ ድረስ ኬንያ ከውጭው ዓለም ጋር በአብዛኛው በሳተላይት ነበር የምትገናኘው። ገመዱ ውቅያኖስ አቋርጦ ቢመጣም የመጨረሻዋን ሃምሳ ሜትር የሚያገናኘን ሰው ያው መሰላል የተሸከመው ነው። አዲስ አበባ ያሉ እናቶቻችንን በስክሪን የምናየው በእሱ እጅ ነው።

የወላጆች ስጋት መሠረት የለውም አልልም። ከምሰሶ መውደቅ አለ፣ በኤሌክትሪክ መያዝ አለ፤ ያለ ቀበቶና ያለ ጓንት ሠራተኛ የሚያሰማራ ኮንትራክተርም አለ። እንግዲያው ልጁን «የት ትሠለጥናለህ? መከላከያውን ማን ይሰጥሃል?» ብለን እንጠይቀው። እኔ ግን የጠየቅሁት ስለ ክብሩ ነበር፤ ያውም ስለ ራሴ ክብር ሳይሆን አይቀርም። ተማሪዬ ቴክኒሻን ሆነ ተብሎ በመጽሔት እንዲወጣ አልፈለግሁም።

በሐረርና በአዲስ አበባ መካከል 477 ኪሎ ሜትር የስልክ መስመር ያስዘረጉት አፄ ምኒልክ፣ ሠራተኛን በሙያው መስደብንም በአዋጅ ከልክለዋል። ያን ታሪክ ለስንት ዓመት ሳስተምር ኖሬ ቅጽ ላይ ሰረዝኩ።

በሚቀጥለው ዓመት የሙያ ቀን ከሐኪሙና ከአብራሪው ጎን ለፉንዲውም ወንበር ይኖራል፤ መሣሪያውን ይዞ እንዲመጣ ጠይቄው እሺ ብሎኛል። ተማሪዬንም ጠርቼ ይቅርታ ጠይቄ አዲስ ቅጽ ሰጠሁት። እስካሁን አልመለሰልኝም።