ቪዲዮው አለቀ፤ ማን ያሰማ?



በጀመዓችን የቴሌግራም ግሩፖች ፒዲኤፍና የቱቶሪያል ቪዲዮ የሚለቅ ሞልቷል፤ ጀዛኩሙላህ ኸይር። የጠፋው የሚያሰማ ነው።

ቁርኣን የቀራን ሁሉ ሥርዓቱን እናውቀዋለን። ሉሕ የሚታጠበው የተጻፈበትን ሳናይ ለኡስታዙ ካሰማን በኋላ ነው። «አንብቤዋለሁ» ማለት አያሳልፍም። ትናንት ያሰማነው ዛሬ በሙራጀዓ ይጠየቃል። ዶርም ውስጥ ግን ይህ ዘዴ ለቁርኣን ብቻ የተሠራ ይመስል ቦታ የለውም። የቴርሞዳይናሚክስ ጥያቄ ሌላ ሰው በዩቲዩብ ሲፈታ ማየት ቀላል ነው፤ ፍጥነቱ ተጨምሮም ይገባል። ባዶ ወረቀት ላይ ሲሞከር የመጀመሪያው መስመር ላይ እስክሪብቶው ይቆማል።

ሮዲገርና ካርፒክ የተባሉ ተመራማሪዎች በ2006 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲጠየቁ የበለጡት ደጋግመው ያነበቡት ተማሪዎች ነበሩ። ከሳምንት በኋላ ግን ጽሑፉን ዘግተው ራሳቸውን የፈተኑት በለጡ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁላችንንም የሚጠብቀን የመውጫ ፈተና ደግሞ የሚጠይቀው የዓመታትን ትምህርት ነው።

«ኔትወርክ የሚፈጥነው ሌሊት ነው፣ ያኔ ካላወረድን መቼ?» ይባላል። እሺ፣ ይውረድ (ሱብሒን የሚያስመልጠንም ይኸው ቢሆንም)። ማውረዱ ብቻ እንደ ጥናት አይቆጠር።

ከመግሪብ እስከ ኢሻ ያለችው ጊዜ አጭር ናት፤ ለማሰማት ግን ትበቃለች። ወንድሞች ከወንድሞች፣ እህቶች ከእህቶች ሁለት ሁለት ሆነን፣ ስልክ ዘግተን፣ አንዱ የዕለቱን ሌክቸር ደብተር ሳያይ ለሌላው ያስረዳ። ወደ ቪዲዮው የምንመለሰው ለተሳተው ቦታ ብቻ ይሁን። ከአንደኛ ዓመቶችና ከካልኩለስ ብንጀምር ይቀላል።