የመጀመሪያዪቱ መኪናና የመድኗ ነገር

ልጅ ሥራ ይዞ መንጃ ፈቃድ ባወጣ ጊዜ ቤተ ሰቡ ስለ መኪና ማሰብ ይጀምራል። ዕቁብ ይወጣል፤ አጎት ያበድራል፤ በባሕር ማዶ ያለች እኅትም የበኩሏን ትልካለች። ገንዘቡ ሁሉ ለመግዣው ከዋለ በኋላ ግን ለመድን የሚሆን የሚታጣበት ቤት ብዙ ስለ ሆነ፥ በዚህ ወር ስለዚሁ ጉዳይ ጥቂት ለማለት ወደድን።

ለጀማሪ ነጂ የምትሻለው መኪና ብዙ ሰው የያዛት መኪና ናት። ቪትዝ፥ ያሪስ፥ አሮጌዪቱም ኮሮላ መለዋወጫቸው አይጠፋም፤ የሰፈሩ መካኒክም ጠባያቸውን ያውቃል። የሙሉ መድን ዓረቦን በአብዛኛው የሚሰላው በመኪናዪቱ ዋጋ ላይ ነውና፥ ዋጋዋ መለስ ያለ እንደ ሆነ ዓረቦኑም ይቀልላል። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በኤሌክትሪክ የሚሄዱት በዝተዋል፤ እነርሱን የሚሻ ሰው ባትሪው ቢጎዳ ማን እንደሚጠግነው አስቀድሞ ይጠይቅ። ያገለገለች መኪና የሚገዛም ሊብሬዋን ይመርምር፤ ዕዳና እገዳ እንደሌለባት ያረጋግጥ። መኪናን ጸበል ማስረጨት መልካም ልማድ ነው፤ ፍሬኗን ግን ለመካኒክ ማሳየት ይገባል። ቅዱሳት ሥዕላትም የነጂውን ዓይን በሚጋርድ ቦታ ባይሰቀሉ እንወዳለን።

በ2005 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 799 ማንም ሰው የሦስተኛ ወገን መድን የሌላትን መኪና በመንገድ እንዳይነዳ ያዛል። ይህ መድን ርካሽ ነው፤ ነገር ግን የሚክሰው በሌላ ሰው ላይ የደረሰውን ጉዳት፥ እርሱንም እስከ ተወሰነ መጠን ብቻ ነው። የራስን መኪና አይጠግንም። ከመጠኑ የተረፈው ዕዳ ወዴት እንደሚሄድ አባቶች ሊያውቁ ይገባል፤ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ፥ መኪናዪቱን ሌላ ሰው ቢነዳትም እንኳ ለጉዳቱ ባለቤቱን ኀላፊ ያደርገዋልና። መኪናዪቱ በአባት ስም ተመዝግባ ልጅ የሚነዳት ከሆነ ጠያቂው ወደ አባት ቤት ይመጣል። እንግዲህ በብድር ወይም በቤተ ሰብ ጥሪት ለተገዛች መኪና፥ እጁ ገና ላልጸና ነጂ፥ ሙሉ መድን ይገባታል እንላለን። ብትጠፋ ቤቱን የማታናጋ አሮጌ መኪና ከሆነች ግን በሦስተኛ ወገን መድን ብቻ መወሰን ነውር የለበትም።

ብዙዎች የሚሰናከሉት ግን ዓረቦኑን ለማሳነስ ሲሉ ነው። ዛሬ በገበያ 1,200,000 ብር የምታወጣ መኪና በ600,000 ብር መድን ተገባላት እንበል። የ100,000 ብር ጉዳት ቢደርስባት ድርጅቱ የሚከፍለው ግማሹን፥ 50,000 ብር ነው፤ የ1952ቱ የንግድ ሕግ፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ለጎደለው ዋጋ ባለቤቱን ራሱን እንደ መድን ሰጪ ይቈጥረዋልና። ከዚያም ላይ ባለመኪናው ከኪሱ እንዲችለው በውሉ የተጻፈው ድርሻ ይቀነሳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ የመኪና ዋጋ ስለ ናረ፥ ውሉን በድሮው ዋጋ የሚያድስ ሰው ሳያስበው በዚሁ ወጥመድ ይገባል።

ሌላውም የከፋ ነው። ልጅ ዕለት ዕለት የሚነዳትን መኪና «አባት ብቻ ይነዳታል» ብሎ፥ በኪራይ የምትሠራውንም «ለቤት አገልግሎት ናት» ብሎ ማስመዝገብ አለ። ልጆቻችንን ሐሰት አትናገሩ እያልን እናሳድጋለን፤ በመድን ቅጽ ላይ የተጻፈች ሐሰት ግን እንደ ብልኀት ስትቈጠር እንሰማለን። ሆን ተብሎ የተነገረ ሐሰት በሕጉ ዘንድ ውሉን ከንቱ ያደርገዋል፤ ይህም የሚገለጠው አደጋ ደርሶ ካሳ በሚጠየቅበት ቀን ነው። የተከፈለው ዓረቦን ባክኖ፥ የተጎዳው ቤተ ሰብ ደግሞ በደጅ ቆሞ ይጠይቃል።

ዓረቦኑን በቀና መንገድ ማቅለል የሚሻ ሰው ቀብድ ሳይከፍል አስቀድሞ ሁለት ሦስት የመድን ድርጅቶችን ይጠይቅ። መንጃ ፈቃድ ካወጣ ብዙ ያልቈየ ሰው ሲነዳ የባለመኪናው ድርሻ ስንት እንደሚሆን፥ ካሳ ሳይጠይቅ ዓመቱን ለጨረሰም የሚደረገው ቅናሽ ምን ያህል እንደ ሆነ በጽሑፍ ይቀበል። ውሉን በሚያድስበትም ጊዜ የመኪናዪቱን የገበያ ዋጋ እንደ ገና አስገምቶ ያስመዝግብ።